የባትላሜራ ሙያ በከተማችን



በየሠፈሩ የጋራዥ መዶሻ የማይሰማበት ቀን የለም። የተጋጨ መኪና ገብቶ ደኅና ሆኖ ሲወጣ እናያለን እንጂ፣ ያቃናው ሰው ሙያውን ከየት እንዳመጣው ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። ስለዚህ ስለ ባትላሜራ ሥራ አመጣጥ የምናውቀውን በአጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደናል።

እንደሚታወቀው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የሚገርመው ነገር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለእጅ በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ ያስነገሩትም በዚያው ዓመት ነበር። ዐዋጁ ያስፈለገው ብረት ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ ይናቅ ስለነበር ነው። ታዲያ ሰው ዐዋጅ ስለሰማ ብቻ ልማዱን ወዲያው አይተውም። መኪናው እየበዛ ሲሄድ ንቀቱም ከጎኑ ቆይቷል።

ሙያው የተስፋፋው ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች መንገድ ለመሥራትና ጦራቸውን ለማመላለስ እጅግ ብዙ የጭነት መኪና አስገቡ። ከመኪናው ጋር መካኒኩም፣ ላሜራ ቀጥቃጩም፣ ቀለም ቀቢውም አብሮ መጣ። ወረራው ካበቃ በኋላ ከጣሊያኖቹ አንዳንዶቹ እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። የእኛ ልጆችም መሣሪያ በማቀበልና ዝገት በመፋቅ ጀምረው ሙያውን በዓይናቸው ለቀሙት። ማስረጃው ቃሉ ራሱ ነው። ባትላሜራ የሚለው ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ላሜራ መቺ ማለት ነው። ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎው፣ ስቱኮው፣ ፍሬቻው፣ ጎማው ሁሉ የጣሊያን ስም ይዞ ቀርቷል። ጣሊያንኛ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ዛሬም በእነዚሁ ቃላት ይማራል።

ሥራውም ከውጭ እንደሚመስለው ዝም ብሎ መደብደብ አይደለም። ሠራተኛው በአንድ እጁ ከላሜራው ጀርባ ድፍን ብረት ይደግፋል፤ በሌላው ከፊት በኩል በትንሽ በትንሹ ይመታል። ላሜራ በተመታ ቁጥር እየሳሳ ይለጠጣል። ስለዚህ የተረፈውን እብጠት በጋዝ እሳት ነጥብ በነጥብ አግሎ፣ በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዞ ይሰበስበዋል። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የሚባለው እኮ እዚህ ላይ በተግባር ይታያል። ከዚያ በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ ዓይን ያላየውን ጉድጓድ መዳፍ ያገኘዋል። ሰነፍ ሠራተኛ ግን ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ያለብሰዋል፤ ውሎ አድሮ ስቱኮው ይሰነጠቅና ጉዱ ይወጣል።

መኪኖቹም ተለዋወጡ። የቮልስዋገን ፓራፋንጎ በብሎን ስለሚፈታ አውልቆ ማቃናት ይቻል ነበር። በ1960ዎቹ በታክሲነት የምናውቃት ፊያት ሰይቼንቶ ግን አካሏ ወጥ ስለሆነ፣ አንድ ጎኗ በኃይል ሲመታ ሌላው ይዛነፋል፤ በሯ አልገጥም ይላል። እሷን ለማቃናት መሳብና ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። በደርግ ዘመን የመጣችው ላዳም እንደዚያው ነበረች። አዲስ መኪና ውድ በሆነበት አገር፣ አባት የነዳውን መኪና ልጅ እንዲነዳው ያደረጉት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ ሙያው ዋጋ ያስከፍላል። የመዶሻው ጩኸት ጆሮ ያደክማል፤ የስቱኮ ብናኝና የቀለም ጭስ ደረት ይይዛል፤ የብየዳ ብርሃን ዓይን ይጎዳል። እኛ በጽሕፈት ሥራ ያገለገልነው በየወሩ የጡረታ አበላችንን እንቀበላለን። ለግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ የወጣው ግን በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ጉልበታቸውን በየጋራዡ ለጨረሱት፣ ለአብዛኞቹ መደገፊያቸው ልጅ፣ ዕቁብና ዕድር ነበር። እንግዲህ ወርኃዊ መዋጯችን ለእነሱ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም።

አሁን ደግሞ ሌላ ዘመን መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ይጋጫል፤ ላሜራውም ይቀጠቀጣል። ነገር ግን ኃይለኛ ባትሪ ስላለው፣ ከብየዳ በፊት ኤሌክትሪኩን እንዴት ማቋረጥ እንደሚገባ ያልተማረ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በዓይን መልቀም ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ አልፏልና ወጣቶቹ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሊረግጡ ይገባል።

የዕድራችን የድንኳን ብረት ሲሰበር፣ አግዳሚ ወንበሩ እግሩ ሲላቀቅ የሚበይዱልን እነማን እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ልጆቻችንን «ካልተማርክ ጋራዥ ትገባለህ» እያልን ማስፈራራቱን እንተው። በዕድሜ የገፉትን ባለሙያ አባሎቻችንንም ቀርበን እንጠይቃቸው፤ የሚያውቁት አብዛኛው ነገር በመጽሐፍ አልተጻፈምና።