መዥገር «ወለድ» ወይስ መዥገር «አመጣሽ»?

አረፋ ሲቃረብ በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የምንኖር አበሾች በተሰባሰብንባቸው የቴሌግራም ቡድኖች አንድ ማስጠንቀቂያ ከስልክ ስልክ ይዞራል። «ውድ ወገኖች፣ ከመዥገር ወለድ በሽታ ተጠንቀቁ! ቤት ውስጥ በግ እንዳታርዱ!» ይላል። ምክሩ ደግ ነው፤ አማርኛው ግን አንገሸገሸኝ። ከቡድኑ ቀልደኞች አንዱ «ወለዱ ስንት ፐርሰንት ነው?» ብሎ ጻፈ። አንዷ ደግሞ «መዥገር ምን ወለደ? ወንድ ነው ሴት?» አለች። ቀኑን ሙሉ ሲሳቅ ተዋለና ስለ በጉም ስለ ደሙም የጠየቀ ሰው ሳይኖር መልእክቱ ወደ ላይ ተገፍቶ ጠፋ።

የ«ወለድ» ስሕተት ምንጩ ግልጽ ነው። እንግሊዝኛ ድምፃቸው አንድ የሆነ፣ በጽሕፈት ግን በመጨረሻዋ አንዲት ፊደል የሚለያዩ ሁለት «ቦርን»ዎች አሉት። አንዱ «የተወለደ»፣ ሌላው «ተሸክመው ያመጡት» ማለት ነው። ሁለቱም የወጡት መሸከምንም መውለድንም ከሚገልጽ አንድ ግስ ነው። ለበሽታ የሚነገረው ሁለተኛው ነው። የእኛ ተርጓሚዎች ግን አንደኛውን አንሥተው ሄዱ። ውሃ ወለድ በሽታ፣ ምግብ ወለድ በሽታ፣ አየር ወለድ በሽታ የተባሉት ሁሉ የዚያ ጥድፊያ ልጆች ናቸው። ከአውሮፕላን በጃንጥላ የሚዘለው ወታደር እንኳ አየር ወለድ ይባላል፤ እናቱ ብትሰማ ምን ትል ይሆን?

«ውሃ ወለድ»ን ልንቀል ብል ግን ጉልበት ማባከን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ገጠር ድረስ ወስደውታል፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ አጽድቆታል፣ ሰውም ለምዶታል። የተለመደ ቃል ባለርስት ነው። «መዥገር ወለድ» ግን ገና መጤ ነው፤ ሥር ሳይሰድ መመለስ ይቻላል።

የበሽታውን ነገር አብዛኛው አንባቢ በግማሹ ያውቀዋል፤ ስለዚህ አላረዝመውም። መዥገር ደም ሲመጥ የበሽታ ተሕዋስ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው፣ አልፎም ወደ ሰው ያሻግራል። እዚህ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዋነኛው ሥጋት ክራይሚያ-ኮንጎ የሚባለው ትኩሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዱባይ ራሺድ ሆስፒታል ገብቶ የሞተ አንድ በሽተኛ ሕመሙን ለሆስፒታሉ ሠራተኞች አስተላልፎ ነበር። ከ1994 እስከ 1995 ደግሞ በኤምሬቶች 35 ሰዎች በዚሁ በሽታ ተጠርጥረው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡት በከብት ገበያ፣ በቄራና በቆዳ ሥራ የተሰማሩት ነበሩ። ምንጩ ሲመረመርም ከውጭ የሚገቡ ከብቶችና በላያቸው ያለው መዥገር ተገኘ። ከብቱ ራሱ ሲታመም አይታይም። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ በዚያ ሳምንት ያረደው ሰው ሊያዝ ይችላል።

ወደ ቃሉ ልመለስ።

«መዥገር» ላይ ክርክር የለኝም። ከሰው የማይላቀቅን ጥገኛ «እንደ መዥገር ተጣበቀ» የምንል ሕዝብ ለፍጡሩ ስም አያንሰንም። ከተማ ያደጉ ልጆች ከቁንጫና ከቅማል ጋር ሲያምታቱት ግን እሰማለሁ፤ ስለዚህ ልዩነቱን ማወቅ ይበጃል። ቁንጫ ይዘላል፤ መዥገር አይዘልም፣ ነክሶ ይቀመጣል፣ ቀናት ይቆያል። የማዳምን ውሻ ያጠበች እኅት ከጆሮው ሥር አይታዋለች፦ ደም ጠግቦ ሲያብጥ ቁርጥ የጉሎ ፍሬ ነው። ላቲኖችም ይህን መመሳሰል አይተው መዥገርንና ጉሎን «ሪኪኑስ» በሚል በአንድ ቃል ጠርተዋቸዋል። ትግርኛ «ቁርዲድ» ይለዋል፤ ዓረብኛ «ቁራድ»። ሁለቱ የሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸውን ጆሮ ብቻ ይመሰክራል፤ የትግራይ ልጅ ዕዝባ (የግመል በረት) ውስጥ ከግመል ጠባቂ ጋር ሲያወራ በዚህ ቃል አይቸገርም። ኦሮምኛ «ሲልሚ» ይላል። አማርኛ መዥገሩን ይዞ ቆሟል፤ ይቁም።

ጭቅጭቁ ያለው ከመዥገር ቀጥሎ በሚመጣው ቃል ነው።

«መዥገር ተሸካሚ በሽታ» የሚሉ አሉ። ይህ ከ«ወለድ»ም ይብሳል፤ መዥገር የሚሸከመው በሽታው ሆነና አረፈው! መዥገር ተሸካሚውማ ግመሉ ነው፣ በጉ ነው። ቃሉን ለእነሱ ብንተወው ያምርባቸዋል።

«በመዥገር ተላላፊ በሽታ» ስሕተት የለበትም፤ ግን ረጅም ነው፣ የቢሮ ደብዳቤም ይሸታል። «ተላላፊ» ደግሞ ሰው ከሰው የሚጋባውን ስለሚያስታውስ አንባቢው ስለ መዥገሩ ሳይሆን ስለ ጎረቤቱ ሳል ያስባል።

«የመዥገር በሽታ» ከሁሉ ያማረው ተፎካካሪ ነው። የወባ ትንኝ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ያለ አንደበት በዚህ መንገድ ቢሄድ አይፈረድበትም። ለቤት ወሬ እኔም እቀበለዋለሁ። ለጽሑፍ ግን ይጎድለዋል፤ የከብት በሽታ ስንል ከብቱ የሚታመመውን ነውና፣ በዚያው ስሌት መዥገሩ የታመመ ይመስላል።

እኔ የምመርጠው «መዥገር አመጣሽ በሽታ» ነው። «ዘመን አመጣሽ»፣ «ጊዜ አመጣሽ» ስንል የምንገለገልበት ስልት እጃችን ላይ ያለ ነው፤ ማንም አካዳሚ ተቀምጦ አልፈጠረውም። መነሻው ለሴት የሚነገር «አመጣሽ» ይመስላል፤ ዛሬ ግን ጾታውን ጥሎ፣ ደርቆ፣ ከፊቱ የቆመው ስም ያመጣውን ነገር ብቻ ይናገራል። ማን አመጣው? ዘመን። ማን አመጣው? መዥገር። በትክክል እንግሊዝኛው ሊል የፈለገው ይህን ነው። ዓረብኛውም «አል-አምራድ አል-መንቁላ ቢል-ቁራድ» ሲል በቁራድ የተጓጓዙ ማለቱ እንጂ የተወለዱ ማለቱ አይደለም። «ገቢ አመጣሽ» ላይ ገቢው አምጪ ሳይሆን የሚመጣው ነው፣ ስለዚህ ቃሉ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይነበባል የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው። ግን በሽታ መዥገር ሲያመጣ ያየ ስለሌለ ማንም አይሳሳትም።

ለ«ወለድ» ጠበቃ የሚቆም ደግሞ አንድ ብልህ መከራከሪያ አለው። ይህን ትኩሳት የሚያመጣው ሃያሎማ የተባለ መዥገር ቫይረሱን ለእንቁላሎቹ ያወርሳል፤ ጫጩቶቹ ደም ሳይቀምሱ ተበክለው ሊፈለፈሉ ይችላሉ። ታዲያ ወለደ አይባልም? አይባልም። የወለደው መዥገርን ነው፤ በሽታውን ግን አወረሰ እንጂ አልወለደም። አማርኛ ለዚህም «ወረሰ» የሚል ቃል አለው።

በሽታውን ለሚያሻግረው ፍጡር በጥቅሉ፣ ባለሙያዎች «ቬክተር» ለሚሉት፣ «አዛማች» ይበቃናል። ዘመተ፣ ተዛመተ፣ አዛመተ። ከዘፈኑ «አዝማች»ና ከነ ደጃዝማች ጋር ቤተ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ባዳ አይሆንብንም። ለሃያሎማ ደግሞ ልክ ይገጥመዋል። አብዛኛው መዥገር ሣር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያልፍ እስኪነካው ይጠብቃል፤ ይህኛው ግን ካደገ በኋላ፣ ነጭ ቀለበት ባላቸው እግሮቹ፣ አሸዋው ላይ ወደ ከብቱም ወደ ሰውም ይሮጣል። ዘማች ነው በእውነት።

የበሽታው ሙሉ ስም ሌላ ጣጣ አለው። «የክራይሚያ-ኮንጎ ደም አፍሳሽ ትኩሳት» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ክራይሚያና ኮንጎ የገቡበት ምክንያት አላቸው፤ በመጀመሪያ በ1944 በክራይሚያ በሶቪየት ወታደሮች ላይ ታየ፣ በ1956 በኮንጎ ከታመመ ሰው ቫይረሱ ተገኘ፣ በ1969 ሁለቱ አንድ መሆናቸው ታወቀ። ግን «ደም አፍሳሽ» በአማርኛ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ በሽታ ሰው እየገደለም ቢሆን ይህን ማዕረግ ልንሰጠው አይገባም። «የሚያደማ ትኩሳት» ማለት ምን ይጎድለዋል?

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እንግሊዝኛውን እንዳለ ብንወስደውስ?» ይሉኛል። ባንክ፣ ስልክ፣ ቫይረስ ብለን ወስደናል፤ ነውር የለበትም። ቋንቋችን አቅም ሲያጣ ይበደራል። እዚህ ግን አቅም አላጣም። ተሻለው የተባለ ሕመም ሲመለስ «አገረሸበት»፣ ሕመሙን «ግርሻ» የሚል ሕዝብ የሕክምና ቋንቋ የለውም ማለት አይቻልም። በ2020 ኮሮና ሲመጣ «ኳራንቲን» ለመስፋፋት ተዘጋጅቶ ነበር፤ «ለይቶ ማቆያ» ቀደመው። ከዓረብ አገር ተመልሰው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተቀመጡ ወገኖቻችን ቤተሰባቸው ደውሎ የት ናችሁ ሲላቸው «ለይቶ ማቆያ ነን» ነበር መልሳቸው። ማንም አልሳቀም፣ ሁሉም ገባው። ተርጓሚው እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል ከመከተል ይልቅ ነገሩ ምን እንደሚሠራ ጠይቆ ስለነበር ነው የሠራለት።

በዚህ በአረፋ ሰሞን የምትጽፉልን ወንድሞችና እኅቶች፣ መልእክታችሁን ስታዘጋጁ እንዲህ በሉልን፦ መዥገር አመጣሽ በሽታ አለ፤ በጉን የማዘጋጃ ቤቱ ቄራ ይረደው፤ ትኩስ ደም በባዶ እጅ አትንኩ። ከታረደ በኋላ ቆይቶ የቀዘቀዘ ሥጋ ያን ያህል አያሰጋም፤ ሥጋው ራሱ ሲኮመጥጥ ቫይረሱን ይገድለዋል። ሰውነታችሁ ላይ መዥገር ብታገኙ በጥፍር አትጨፍልቁት፣ ጋዝም አትቀቡት፤ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ከመጣ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ከብት ማረዳችሁን ወይም በመዥገር መነከሳችሁን ሳትጠየቁ ቀድማችሁ ተናገሩ። አማርኛ የሚሰማ ከሌለ «ቁራድ» በሉ፣ ይገባቸዋል።