የእንጨት መላጊያ መኪና ታሪክ

የዛሬው ንባባችን ስለ እንጨት መላጊያ መኪና ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የበር ጠርዝ ላይ የተቀረጸ እንጨት አይታችኋል? ከግድግዳ ሥር የሚመታውንስ ዞኮሎ? እንዲህ ያለውን ቅርጽ ጥንት አናጢ የሚያወጣው በእጁ ነበር። የእጅ መላጊያ በጣም የቆየ መሣሪያ ነው። ሮማውያን ከ1,900 ዓመት በፊት ይሠሩበት ነበር። ለየቅርጹ ደግሞ ለየብቻው የተሳለ ስለት ያስፈልጋል። ሥራው ያምራል፤ ግን ጉልበት ይጨርሳል።

በ1793 ሳሙኤል ቤንተም የተባለ እንግሊዛዊ በሚሽከረከር ስለት እንጨት መቅረጽ እንደሚቻል ጽፎ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1828 ደግሞ ዊልያም ውድዎርዝ የተባለ አሜሪካዊ እንጨቱን ራሱ ተጭኖ ለሚስብ መላጊያ መኪና መብት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ሥራው እጅግ ፈጠነ።

ነገር ግን ሌላ ዓይነት መኪናም ነበረ። በዚህኛው ሠራተኛው እንጨቱን በገዛ እጁ በስለቱ ላይ ይገፋል። ስለቶቹ የሚታሰሩበት ብረት አራት ማዕዘን ነበር። አራት ማዕዘን ብረት ሲሽከረከር በብረቱና በጠረጴዛው መካከል ሰፊ ክፍተት ይተዋል። እጁ ያመለጠው ሰው ጣቶቹ እዚያ ክፍተት ውስጥ ይገቡ ነበር። ስንቱ አናጢ እንጀራው የሆኑትን ጣቶች አጣ!

መፍትሔው ቀላል ነበር። ብረቱን ክብ ማድረግ ነው። ክብ ሲሆን ክፍተቱ ይጠባል፤ እጅ ወደ ውስጥ አይሳብም። በ1922 የወጣው የእንግሊዝ ደንብ በእጅ ለሚገፋበት መላጊያ መኪና ክቡን ብረት ግዴታ አደረገው። ከቤንተም ጽሑፍ እስከዚህ ደንብ 129 ዓመት መሆኑን ልብ በሉ። ፍጥነቱ ቀድሞ መጣ፤ ጥንቃቄው ዘገየ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ክቡም ቢሆን ስለት ነው፤ ይቆርጣል። በዚህ መኪና የምትሠሩ ከሆነ ይህን ያዙ፦

እንጨቱ ላይ ምስማርና ጉጥ መኖሩን አስቀድማችሁ ፈትሹ። የስለቱን መከለያ አታንሱ። ጓንት አታድርጉ፤ የተንዘረፈፈ ልብስም አትልበሱ። አጭር እንጨት በመግፊያ እንጨት እንጂ በጣት አይገፋም። ጥልቅ ቅርጽ በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ ጥቂት ጥቂት እየላጋችሁ ደጋግማችሁ አሳልፉ። መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ሞክሩ። ለመለካት ስትፈልጉ መኪናውን አጥፉ፤ ስለቱ ጨርሶ እስኪቆም ጠብቁ። የቸኮለ አናጢ እንጨቱንም ያበላሻል፣ እጁንም ይጎዳል።

ለመልመጃ «ስለት» እና «መከለያ» የሚሉትን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ። ሁለቱ ለምን እንደማይለያዩ ለጎረቤታችሁ አስረዱ።