የሚወርደውስ የት አለ?
(ስለ ዋሽንግተን በዓለ ሲመትና ስለ ጥር ብርድ)

ለእኛ ጥር የበጋ ወር ነው። ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕር የሚወርድበት፣ ሕዝብ ነጭ ለብሶ ከየአድባራቱ ወደ ጃን ሜዳ የሚጎርፍበት ወር ነው። በዋሽንግተን ግን ጥር አጥንት የሚሰረስር ብርድ የሚነግሥበት ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2009፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 12 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ገና ሳይነጋ ከሜሪላንድ ተነሥቼ በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ከተማዪቱ እምብርት ሳመራ ያየሁት የሰው ጎርፍ ያንኑ የጃን ሜዳ መንገድ አስታወሰኝ። ልብሱ ሌላ፣ ቋንቋውም ሌላ ነበር፤ ጥድፊያውና ደስታው ግን አንድ ነበር።

በዚያ ቀን ባራክ ኦባማ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ለማየት የተሰበሰበው ሕዝብ ወደ 1.8 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። በእኩለ ቀን ብርዱ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነበር። የመግቢያ ወረቀት የያዙ ሺዎች እንኳ በአንድ የመኪና ዋሻ ውስጥ ለሰዓታት ተሰልፈው ሳይገቡ ቀርተዋል። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሰው ሌሊቱን በአውቶቡስ ሲጓዝ አድሮ የመጣው ምን ለማየት ነበር? በሕገ መንግሥታቸው የተጻፈው ቃለ መሐላ 35 ቃላት ብቻ ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያውም በቴሌቪዥን ከምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ይታያል።

ብዙዎቹ የመጡበትን ምክንያት መገመት አያዳግትም። ካፒቶል የተባለው የምክር ቤት ሕንፃ ሲገነባ ድንጋይ የተሸከሙት በከፊል ጥቁር ባሮች ነበሩ። በዚያው ሕንፃ ደረጃ ላይ ጥቁር ፕሬዚዳንት ሲምል ለማየት ብርድን መታገሥ ቀላል ዋጋ ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ይዤ የተመለስሁት ሌላ ጥያቄ ነው። አጠገቤ ከካፖርታቸው በላይ ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት የአገሬ ሰው ቆመው ነበር። ትልቁን የቴሌቪዥን መስኮት በትኩረት ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይህ የሚሾመው ነው፤ የሚወርደውስ የት አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እዚያው ሰገነት ላይ ተቀምጠዋል፣ አባቴ» አልኋቸው።

«በሕይወቱ? ማንም ሳይነካው?»

«አዎን። ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ ወደ አገራቸው ወደ ቴክሳስ ይሄዳሉ።»

አዛውንቱ ዝም አሉ። እኔም ከዚያ ወዲህ ስለ በዓለ ሲመት ባነበብሁ ቁጥር የእሳቸው ጥያቄ ከፊቴ ይቀድማል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህን በዓል ታሪክ የወሰነው መንገድ ነው። በ1789 አዲሱ ምክር ቤት ኒው ዮርክ ላይ ማርች 4 ሊሰበሰብ ተቀጥሮ ነበር። ነገር ግን አባላቱ ከየግዛታቸው በሰዓቱ መድረስ አልቻሉምና፣ ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶ የምርጫው ድምፅ የተቆጠረው ኤፕሪል 6 ቀን ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ኤፕሪል 16 ከቤታቸው ተነሥተው ኤፕሪል 30 ማሉ። ከዚያ ወዲህ ማርች 4 የሹመት ቀን ሆኖ ጸና። በኖቬምበር የተመረጠ ሰው ሥልጣን የሚይዘው አራት ወር ጠብቆ ነበር ማለት ነው። ለፈረስና ለጭቃ ዘመን ተስማሚ ነበር። ለችግር ዘመን ግን አደገኛ ሆነ፤ ሊንከን በ1860 ተመርጠው እስኪሾሙ ድረስ ሰባት ግዛቶች ከኅብረቱ ተገነጠሉ። ሩዝቬልት በ1932 ተመርጠው እስኪሾሙ ድረስ ደግሞ ባንኮች በየግዛቱ ተዘጉ። ስለዚህ በ1933 የጸደቀው ሃያኛው ማሻሻያ ቀኑን ወደ ጃንዋሪ 20 አመጣው፤ በ1937ም ሥራ ላይ ዋለ። እንግዲህ ሕዝቡን በብርዱ እኩሌታ እንዲጓዝ ያስገደደው፣ መንበሩ በሚወርደውና በሚወጣው መካከል ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ የተደረገ ጥንቃቄ ነው።

ብርዱም ዋጋውን ሳያስከፍል አልቀረም። በ1841 ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ካፖርት ሳይደርቡ ሁለት ሰዓት ያህል ተናገሩ፤ በወሩም ሞቱ። ሕዝቡ ብርዱ ገደላቸው አለ፤ የኋላ ዘመን ሐኪሞች ግን የተበከለ ውኃ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። በ1909 ዊልያም ታፍት ሲሾሙ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ በረዶ ወርዶ ባቡሮች በመንገድ ቀሩ፤ መሐላውም በአዳራሽ ሆነ። በ1961 በኬኔዲ ሹመት ዋዜማ በረዶው አውራ ጎዳናዎችን ዘግቶ፣ ወታደሮች በእሳት ነበልባል ጭምር ሲጠርጉ አደሩ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ለበዓሉ ሲመጡ አውሮፕላናቸው ማረፍ ሳይችል ቀረ። በ1985 ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ስለ ደረሰ የሬገን ሁለተኛ ሹመት በጉልላቱ ሥር ባለው ክብ አዳራሽ ተፈጸመ፤ የአደባባዩ ሰልፍም ተሰረዘ።

ይሁን እንጂ ከብርድ የከፋ ነገር አለ፤ እርሱም ፍርሃት ነው። አብርሃም ሊንከን ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1861 ከስፕሪንግፊልድ በባቡር ተነሥተው በየጣቢያው ሕዝብ እየተቀበላቸው መጡ። በመጨረሻ ግን ባልቲሞር ላይ ሊገድሏቸው የዶለቱ ሰዎች እንዳሉ ተነገራቸውና ከተማዪቱን በሌሊት በድብቅ አልፈው፣ ፌብሩዋሪ 23 ቀን ሲነጋ ዋሽንግተን ገቡ። የተመረጠ መሪ ወደ ገዛ መዲናው እንደ ስደተኛ ተሸሽጎ ገባ ማለት ነው። በሹመቱም ዕለት አልሞ ተኳሾች በየጣሪያው ላይ ቆመው ነበር። ያም ሆኖ ተሰናባቹ ጄምስ ቡካናን ከሊንከን ጋር በአንድ ሠረገላ ተቀምጠው ወደ ካፒቶል ሄዱ። ኦባማም ጃንዋሪ 17 ቀን 2009 ከፊላደልፊያ በባቡር ተነሥተው የዚያን መንገድ መጨረሻ ደገሙት፤ በባልቲሞር ግን በቀን ብርሃን ቆመው ለሕዝብ ተናገሩ። የማሉትም ሊንከን በማሉበት መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነው።

ታዲያ አሜሪካኖች በዚህ ፍጹማን ናቸው ማለቴ አይደለም። ጆን አዳምስ በ1801 ተተኪያቸው ጄፈርሰን ሲምሉ ላለማየት ጎሕ ሳይቀድ ከተማዪቱን ለቀው ሄዱ። ልጃቸው ጆን ክዊንሲ በ1829፣ አንድሩ ጆንሰንም በ1869 አልተገኙም። ዶናልድ ትራምፕ በ2021 ቀሩ፤ ከዚያም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን፣ ካፒቶል በኃይል ተደፍሮ ነበር። በዚያ ዓመት 25,000 ያህል የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ከተማዪቱን ሞሉ። ወረርሽኙም ነበርና ሕዝቡ እንዳይመጣ ተነገረው፤ በ2009 እኛ በቆምንበት ሜዳ ላይ በሰው ፈንታ 200,000 የሚጠጉ ትናንሽ ባንዲራዎች ተተከሉ። በ2025 ደግሞ ብርዱ ሥነ ሥርዓቱን እንደገና ወደ ክብ አዳራሹ መለሰው፤ ከሩቅ የተጓዙ ብዙዎች በውጭ ቀሩ። ተሰናባቹ ጆ ባይደን ግን በቦታቸው ተገኝተው ነበር። ለእኔ የብርድ መዝጊያና የፍርሃት መዝጊያ ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው በማግስቱ ይከፈታል።

ወደ አገራችን እንመለስ። እኛ ንጉሥን ስንመርቅ «ሺህ ዓመት ያንግሥዎ» እንላለን። ምርቃቱ ራሱ ለመውረጃ ቀን ቦታ የለውም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። የዐፄ ምኒልክ ሞት ከሕዝብ ተሰወረ። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ተሽረው ዕድሜያቸውን በእስር ጨረሱ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዓለም መልእክተኞች በተገኙበት ድግስ ዘውድ ጭነው፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። ኮሎኔል መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ኮበለሉ፤ አቶ መለስ በ2004 ዓ.ም. በሥልጣን ላይ ሳሉ ዐረፉ። የሹመት ድግስ አላጣንም፤ ያጣነው የስንብት ወንበር ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ለተተኪያቸው በምክር ቤት ፊት ሥልጣን ሲያስረክቡ ብዙዎቻችን እንባ የተናነቀን ስለዚህ ነበር። ነገር ግን ያ በአንድ ግንባር ውስጥ የተደረገ ቅብብል እንጂ ሕዝብ በድምፁ አውርዶ በድምፁ የሾመበት አልነበረም። ሦስት ዓመትም ሳይሞላ አገሪቱ ጦርነት ውስጥ ገባች። ሊንከንም በማሉ በስድስተኛው ሳምንት የመድፍ ድምፅ ተሰምቷል። ሥርዓት ብቻውን አገርን አያድንም። ሥርዓት የሌለው ሕዝብ ግን ከጦርነቱ ሲወጣ የሚመለስበት ቤት የለውም፤ አሜሪካኖቹ በዚያ ጦርነት መካከል፣ በ1864፣ ምርጫ አድርገዋል።

በዚያ የጥር ቀን ንግግሩ አልቆ ሕዝቡ መበተን ሲጀምር፣ ተሰናባቹን ፕሬዚዳንት የያዘው ሄሊኮፕተር ከካፒቶል ተነሥቶ በላያችን አለፈ። ያጉረመረሙ ነበሩ፤ እጃቸውን ያውለበለቡም ነበሩ። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ግን ቆባቸውን አውልቀው፣ ብርዱ ራሳቸውን እየመታው፣ ሄሊኮፕተሩ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ቆሙ። «ሰውየውን ወድጄው አይደለም» አሉኝ። «አወራረዱን ነው።»

ከአዲስ አበባ እስከ ዳር አገር ያለው ሕዝባችን በጥር ፀሐይ፣ ብርድ ሳይነካው፣ ነጭ ለብሶ ወደ አንድ አደባባይ ወጥቶ ሁለት ሰዎችን፣ የሚወጣውንና የሚወርደውን፣ ጎን ለጎን የሚያይበትን ቀን ፈጣሪ ያሳየን።

ቸር ይግጠመን።