አንድ ጣሪያ ብቻውን ጎረቤት አያደርግም
ስደተኞችና ነዋሪዎች አብረው የኖሩባቸው ቤቶች ታሪክ



በስብሰባችን ስለ ቁጠባና ብድር ከተነጋገርን በኋላ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ቤት ላይ ነው። ከመካከላችን እዚሁ አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን አለን፤ ከኤርትራ ተሰደው የመጡ እህቶችም አሉን። ብዙዎቻችን የምንኖረው አንድ ውሃ፣ አንድ ቆጣሪና አንድ ማብሰያ ቤት በምንጋራበት ግቢ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም፣ ስደተኛና የአገሩ ሰው አብረው እንዲኖሩ ታስበው የተዘጋጁ ቤቶች በሌላ አገር እንዴት እንደተጀመሩና ምን እንዳስተማሩ ልንጽፍ ወደድን።

ነገሩ የሚጀምረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ነው። (ስለ አውሮፓ በምንጽፍበት ሁሉ የምንጠቀመው በእነሱ አቆጣጠር ነው።) በዚያ ዓመት 10 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት ስዊድን ወደ 163 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ጥገኝነት ጠየቁ። ከእነዚህም ከ35 ሺህ በላይ የሚሆኑት ያለ ወላጅ ብቻቸውን የመጡ ልጆች ነበሩ። ሆላንድም በሶርያውያን፣ በኤርትራውያንና በሌሎች ስደተኞች መጠለያዎቿ ሞልተው ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው ከመጠለያ ወጥቶ ቤት ማግኘት አለበት፤ ቤት ግን የለም። የአገሩ ወጣትም በዝቅተኛ ኪራይ የሚሰጥ ቤት ለማግኘት ዓመታት ወረፋ ይጠብቃል። ሁለት ችግረኞች አንድ ወረፋ ላይ ሲቆሙ ቂም መወለዱ አይቀርም። «ለእኛ የታጣው ለእነሱ ተገኘ» የሚለው ንግግር ያኔ በየቦታው ይሰማ ነበር።

በአምስተርዳም የተገኘው ዘዴ ወረፋውን ለሁለት መክፈል ሳይሆን ቤቱን ማጋራት ነበር። በ2016 ክረምት፣ በከተማዋ ዳርቻ ቀድሞ የስፖርት ሜዳ በነበረ ቦታ ላይ፣ ከተነቃይ ክፍሎች የተሠራ «ስታርትብሎክ ሪከርሃቨን» የሚባል መኖሪያ ተከፈተ። 565 ወጣቶች ገቡበት፤ ግማሾቹ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኙ ስደተኞች፣ ግማሾቹ ሆላንዳውያን። ሁሉም በተመሳሳይ ዓይነት ክፍል ይኖር ነበር፤ ረጂና ተረጂ የሚባል አልነበረም። ግቢውን በየቀኑ የሚያስተዳድሩትም ነዋሪዎቹ ራሳቸው እንዲሆኑ ተደረገ። በየመተላለፊያው ሁለት ተጠሪዎች ተመደቡ፤ አንዱ ከስደተኞቹ፣ አንዱ ከአገሩ ልጆች። ጥል ሲነሳ፣ ቆሻሻ ሲከማች፣ አዲስ ሰው ሲገባ ሁለቱ አብረው ይጠየቁ ነበር። ቋንቋም ወግም ከክፍል ትምህርት ይልቅ በዚህ ሥራ ላይ ይለመድ ነበር።

ስዊድን ደግሞ በሌላ በር ገባች። በሄልሲንቦሪ ከተማ ያለው የማዘጋጃ ቤቱ የቤቶች ድርጅት፣ ቀድሞ የአረጋውያን መጦሪያ የነበረ ሕንፃ አድሶ በኅዳር 2019 «ሴልቦ» የተባለ መኖሪያ ከፈተ። ስሙ አብሮነትንና መኖርን ከሚገልጹ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። 51 ቤቶች አሉት። ግማሽ ያህሉ ነዋሪ ዕድሜው ከ70 በላይ ነው፤ ቀሪው ከ18 እስከ 25 ያሉ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ከእነሱ መካከል በልጅነታቸው ብቻቸውን ተሰደው የመጡ ይገኙበታል። የታሰበው ሁለት ብቸኝነትን ለማገናኘት ነበር፤ ልጆቹ የራቁትን ሽማግሌና ወላጅ የሌለውን ወጣት። የገባ ሁሉ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከጎረቤቶቹ ጋር ለማሳለፍ በውሉ ላይ ይፈርማል።

ይህን ስንሰማ አንዳንዶቻችን ፈገግ አልን። ቡና ለመጠጣትም ፊርማ? ግን ቆም ብለን ስናስበው እኛም ፊርማ አለን። እድራችን መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሐዘን ቤት ያልደረሰ ይጠየቃል። ጎረቤትነት በፍቅር ብቻ የቆመበት ዘመን የለም። በተራ፣ በግዴታና በልማድ ጭምር ነው የቆመው።

ታሪኩ ግን ሁሉም መልካም አይደለም። በአምስተርዳም ወጣቶቹ የሚሰጣቸው ውል የአምስት ዓመት ብቻ ነበር፤ ቦታው ራሱም የተፈቀደው ለአሥር ዓመት ያህል ነበር። ሰው ሥር መስደድ ሲጀምር እቃህን ሰብስብ ይባላል። ከስደት ለመጣ ሰው ይህ ዳግም መፈናቀል ሊመስል ይችላል። ከዚህ የከፋም አለ። በዚያው ከተማ በኋላ በተከፈተ ተመሳሳይ መኖሪያ፣ ሴት ነዋሪዎች ትንኮሳና ጥቃት እንደደረሰባቸው አቤት ብለዋል፤ ሰሚ ማጣታቸውንም ተናግረዋል። ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሷል። ይህን ሰምቶ «ስደተኛ ሁሉ እንዲህ ነው» ማለት ዓይን ያወጣ በደል ነው፤ ስደተኛ ሴቶችም የዚያው ስጋት ተካፋይ ናቸው። ነገር ግን አብሮ መኖር እንዳይነካ ተብሎ የሴት አቤቱታ የሚታፈን ከሆነ፣ ያ አብሮ መኖር አይደለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ስደተኛ ለረጅም ጊዜ ይኖር የነበረው በአብዛኛው በመጠለያ ጣቢያ ነው። በ2002 ዓ.ም. ግን የሚደግፋቸው ሰው ያላቸው ኤርትራውያን ከመጠለያ ውጪ እንዲኖሩ ተፈቀደ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብትን በሕግ አሰፈረ። ብዙዎቹ አዲስ አበባ መጥተው ክፍል ተከራዩ። ለእነሱ ማንም የተለየ ሕንፃ አልሠራም፤ ተጠሪም አልመደበም። የተቀበላቸው ግቢ ነው። የመብራት ሒሳብ የሚካፈሉ፣ ግቢ በተራ የሚጠርጉ፣ በዓል ሲሆን ድፎ ዳቦና ሕምባሻ የሚለዋወጡ ሴቶች ናቸው የተቀበሏቸው። ይህ ሥራ በየትኛውም ሪፖርት ላይ ስላልተጻፈ ሥራ አይደለም ማለት አይደለም።

ከሁለቱ አገሮች ታሪክ የምንወስደው ይህን ነው። ሰዎችን አንድ ጣሪያ ሥር ማስገባት መጀመሪያው ብቻ ነው። ጎረቤት የሚያደርጋቸው የጋራ ሥራ፣ እኩል የሆነ ክፍል፣ የጠራ ደንብና በቂ ጊዜ ነው። ስለዚህ አባሎቻችን በየግቢያችሁ ሦስት ነገር እንድትነጋገሩ እንጠይቃለን። የውሃ፣ የመብራትና የጽዳት ተራው ለነባሩም ለአዲሱም እኩል ነው ወይ? አንዲት ሴት በሌሊት በሯ ቢንኳኳ ለማን እንደምትናገር ታውቃለች ወይ? አዲስ የመጣችውንስ እድር አስገብተናታል ወይ?

ደጋፊዎቻችንም ለቤት ስትረዱ ከግድግዳው ባሻገር የውሉን ርዝመት ጠይቁ። ጎረቤትነት በስድስት ወር ውል አይበቅልም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ ጎረቤት ቅርብ የሚሆነው ግን ነገም እዚያው እንደምናገኘው ስናውቅ ነው።

ቸር ያገናኘን።