የስፖንጅ ጥይት መጫወቻ ሽጉጥ

የስፖንጅ ጥይት መጫወቻ ሽጉጥ በሞላ ኃይል አየር ገፍቶ ቀላል የስፖንጅ ጥይት የሚያስፈነጥር መጫወቻ ነው። ባሩድም ሆነ ባትሪ አያስፈልገውም። በዓለም ላይ በሰፊው የታወቀው «ነርፍ» በሚለው የንግድ ስም ነው። «የተሻሻለ» የሚባለው ደግሞ ጠንካራ ሞላ የገባለት ወይም አየር የሚያባክንበት ቦታ የተደፈነለት ዓይነት ነው።

ታሪክ

ነርፍ የተጀመረው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ ቤት ውስጥ ሲወረወር ዕቃ የማይሰብር የስፖንጅ ኳስ ሆኖ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው «ትዊስተር» የተባለውን ጨዋታ የፈጠረው አሜሪካዊው ሬይን ጋየር ሲሆን፣ ለገበያ ያቀረበው ፓርከር ብራዘርስ ነበር። የስፖንጅ ጥይት የሚተኩሰው የመጀመሪያው የነርፍ ሽጉጥ «ሻርፕሹተር» በ1992 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኤሊት» የተባለው ተከታታይ ምርት እስከ 23 ሜትር ገደማ ይተኩሳል ተብሎ ተዋወቀ።

አሠራር

መሳቢያው ወደ ኋላ ሲሳብ ከፒስተኑ ኋላ ያለው ሞላ ይጨመቃል፤ ትንሽ መያዣም ፒስተኑን ቆልፎ ያቆመዋል። ምላጩ ሲሳብ መያዣው ይለቃል፣ ሞላው ይዘረጋል፣ ፒስተኑም በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ወደ ጥይቱ ይገፋዋል። ጥይቱን የሚያስወጣው አየሩ እንጂ ሞላው በቀጥታ አይደለም።

የተለመደው ጥይት 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረትና 1 ግራም ገደማ ክብደት አለው። ጫፉ ከለስላሳ ጎማ የተሠራ ነው።

ማሻሻያዎች

በሞላ ውስጥ የሚጠራቀመው እምቅ ጉልበት የሞላው ጥንካሬ በተጨመቀበት ርዝመት ካሬ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለምሳሌ ጥንካሬው በሜትር 400 ኒውተን የሆነ ሞላ በ6 ሴንቲ ሜትር ቢጨመቅ 0.72 ጁል ይይዛል። ጥይቱ 0.22 ጁል ይዞ ከወጣ፣ የተጠቀመው ከጠቅላላው 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው በሰበቃ፣ በአየር ማፍሰስና ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጫፍ ጋር በሚጋጭበት ጊዜ ይባክናል።

የሞላው ጥንካሬ በእጥፍ ቢጨምር ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይልም በእጥፍ ይጨምራል፤ የጥይቱ ፍጥነት ግን ቢበዛ በ1.4 እጥፍ ብቻ ያድጋል። ከዚህም ሌላ የፕላስቲክ መያዣው ጫናውን ሳይችል ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ሞላ ከመለወጥ በፊት የፒስተኑን የጎማ ቀለበት መፈተሽና መቀባት፣ ጥይቱም በቱቦው ውስጥ ሳይላላና ሳይጠብቅ መቀመጡን ማረጋገጥ የተሻለ ነው።

አፈጻጸሙን መለካት

ማሻሻያው መሥራቱን ለማወቅ ከለውጡ በፊትና በኋላ በተመሳሳይ ጥይት፣ ነፋስ በሌለበት ቦታ፣ ቢያንስ አሥር ጊዜ ተኩሶ አማካዩንና መበታተኑን ማነጻጸር ያስፈልጋል። አንድ ረጅም ተኩስ ማስረጃ አይሆንም።

ቀላሉ ዘዴ ሽጉጡን ከወለል በ1.25 ሜትር ከፍታ አግድም አድርጎ መተኮስ ነው። ከዚህ ከፍታ ጥይቱ ለመውደቅ 0.5 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በ9 ሜትር ርቀት ላይ ቢያርፍ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 18 ሜትር ገደማ ይሆናል። ጥይቱ በአየር ውስጥ ስለሚዘገይ ግን ከአፈሙዙ ሲወጣ የነበረው ፍጥነት ከዚህ ይበልጣል። እሱን ለማግኘት በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ የስልክ ካሜራና ከጀርባ የተቀመጠ ማስመሪያ ይበቃሉ፤ ጥይቱ በሁለት ተከታታይ ምስሎች መካከል 8.75 ሴንቲ ሜትር ከተጓዘ ፍጥነቱ በሰከንድ 21 ሜትር ነው።

የከፍታ ተጽዕኖ

በካርቶን ላይ የሚጻፈው ርቀት በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይሆንም። ኮልፌ ቀራንዮን ጨምሮ አብዛኛው አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። የስፖንጅ ጥይት በጣም ቀላል በመሆኑ ገና ሲወጣ የሚገጥመው የአየር ሰበቃ ከራሱ ክብደት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ በእኩል ፍጥነት የተተኮሰ ጥይት ኮልፌ ላይ ከጅቡቲ ወደብ ይልቅ ርቆ ይሄዳል። በሁለት ከተሞች የተለካን ርቀት ከማወዳደር የአፈሙዝ ፍጥነትን ማወዳደር የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ደኅንነት

የ1 ግራም ጥይት በሰከንድ 21 ሜትር ሲጓዝ 0.22 ጁል ይይዛል፤ ፍጥነቱ ወደ 40 ሜትር ከፍ ቢል 0.8 ጁል ይሆናል። ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ሲያድግ የመምታት አቅሙ አራት እጥፍ ገደማ ያድጋል ማለት ነው። የአውሮፓ የመጫወቻ ደኅንነት መስፈርት ኢኤን 71-1 የእንዲህ ያሉ ጥይቶችን ጉልበት ከሚነካው ስፋት ጋር አያይዞ በካሬ ሜትር 2,500 ጁል ላይ ይገድባል። ሞላው የተለወጠ ሽጉጥ ፋብሪካው ባደረገው ፍተሻ ሊተማመን አይችልም።

ዋናው አደጋ ዓይን ላይ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል ሐኪሞች በስፖንጅ ጥይት ተመትተው በዓይናቸው ውስጥ ደም የፈሰሰባቸውን ሁለት አዋቂዎችና አንድ የ11 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ዘግበዋል። ስለዚህ የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ፣ ከቅርብ ርቀት አለመተኮስና ወደ ፊት አለማነጣጠር ይመከራል። ጎማው የወለቀ ወይም በውስጡ ሚስማር፣ እንጨትና የመሳሰለው የተጨመረበት ጥይት ጨርሶ መተኮስ የለበትም።

ሌላው አደጋ ከእውነተኛ መሣሪያ ጋር መምሰሉ ነው። በኢትዮጵያ እውነተኛ የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቁጥጥር ይደረግበታል። ብርቱካናማ አፈሙዙና ደማቅ ቀለሙ በጥቁር የተቀባ መጫወቻን ከርቀት የሚያይ ፖሊስ ወይም መንገደኛ ከእውነተኛው ሊለየው አይችልም። መጫወቻው የመጣበትን ቀለም እንደያዘ መተውና በመንገድ ላይ ከቦርሳ ውጭ አለመያዝ ይህን ስጋት ይቀንሳል።