ሙስሐፉ ብቻውን አልተላከም



በጅማ መርካቶ ከሱቅ ሱቅ ስትዘዋወሩ፣ ቀድሞ ከቴፕ ይሰማ የነበረው የቁርኣን ድምፅ ዛሬ ከሞባይል ሲወጣ ትሰማላችሁ። አልሐምዱ ሊላህ፣ ይህ ራሱ ኒዕማ ነው። ነገር ግን ከኒዕማው ጋር አንድ ጥያቄ ተከትሎ መጥቷል። አባቶች ቁርኣን ወደምናቀራው ሰዎች እየመጡ፣ «ኡስታዝ፣ ልጁ ከስልኩ እየሰማ ይሐፍዛል፤ እንግዲህ መድረሳ መመላለሱ ለምኑ ነው?» ይላሉ። በቡና ለቀማ ወራት የልጅ እጅ ስለሚፈለግ ጥያቄው ይበረታል። የሚናቅ ጥያቄም አይደለም። መልሱን ግን ከእኔ ይልቅ ከታሪክ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

በ12ኛው ዓመተ ሂጅራ በየማማ ዘመቻ ቁርኣንን በልባቸው የያዙ ብዙ ሶሓባዎች ሸሂድ ሆኑ። በዚህ የተነሳ በአቡ በክር (ረ.ዐ.) ትእዛዝ ዘይድ ኢብኑ ሣቢት ከዘንባባ ዝንጣፊ፣ ከጠፍጣፋ ድንጋይና ከሰዎች ልብ ቁርኣንን ሰበሰቡ። በኋላም ዑስማን (ረ.ዐ.) ቅጂዎችን አስጽፈው ወደ ታላላቅ ከተሞች ላኩ። እስከዚህ ያለውን ልጆቻችንም ያውቁታል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ከዚያ ያለው ነው፤ ሙስሐፉ ብቻውን አልተላከም፤ የሚያቀራ ሰው አብሮት ተልኳል። ጽሑፉ ያኔ ነጥብና ሐረካ ስላልነበረው፣ ሰው አፍ ካልሆነው በቀር በትክክል የሚያነበው ጥቂት ነበር። ወደ ኩፋ ከሄደው ቅጂ ጋር የተመደቡት አቡ ዐብዱረሕማን አስ-ሱለሚ በኩፋ መስጂድ ለአርባ ዓመት ያህል ተቀምጠው አቀሩ። ከእርሳቸው ዓሲም፣ ከዓሲም ሐፍስ ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1924 በካይሮ ታትሞ ዓለምን ያዳረሰው ሙስሐፍ በዚሁ በሐፍስ ቂርአት ነው፤ ቤታችሁ ያለውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

የአገራችንም ሉሕ ከዚህ መንገድ የወጣ አልነበረም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932) የሕርማታ ገበያ የነጋዴ መናኸሪያ እንደነበረ ሁሉ፣ ጅማም የዑለማና የደረሳ አገር ነበረች። መሣሪያቸው ምን ነበር? አንድ የእንጨት ሰሌዳ፣ ከጥላሸትና ከሙጫ የተበጠበጠ ቀለም፣ የሸንበቆ ብዕር። ደረሳው የዕለቱን ይጽፋል፤ ሲደጋግመው ይውላል፤ ከዚያም ሸይኹ ፊት ቁጢጥ ብሎ ያሰማል። ሸይኹ «እጠበው» ካላሉ ሉሑ አይታጠብም። አንዲት ሐረካ ከተሳሳተ ያው ጽሑፍ ለነገም ያድራል። ቡና ደርሶ ልጁ ሁለት ሳምንት ቢጠፋ፣ ሉሑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል፤ ያቆመበት አንቀጽ የትም አይሄድም። አለንጋም እንደነበረ አልክድም፤ የድሮው ሁሉ ማር አልነበረም። ቢሆንም ሳይደመጥ የሚያልፍ ልጅ አልነበረም።

አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር የሚሠጋ ሰው አይጠፋም። በዑስማንያ መንግሥት ኢብራሂም ሙተፈሪቃ እ.ኤ.አ. በ1727 የማተሚያ ፈቃድ ሲያገኝ የሃይማኖት መጻሕፍት ከፈቃዱ ውጭ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ግብጻዊው ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ የቀሩት ሙሉ ቁርኣን በድምፅ ተቀርጾ ወጣ። የካሴት ዘመን ሲመጣ እኛም ተጠቃሚ ሆንን። እኔ ራሴ በልጅነቴ አንድ ሱራ ከካሴት ሐፍዤ በኩራት ሸይኼ ዘንድ ቀረብኩ። አንዱ አንቀጽ መሐል ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ትንፋሽ ወሰድኩ። ሦስቴ ቢያስደግሙኝ ሦስቴም እዚያው ቆምኩ። በመጨረሻ «ቃሪኡ ነው የቆመው ወይስ ቴፑ?» አሉኝ። ለካ የካሴቱ አንደኛ ገጽ የሚያልቀው እዚያ ላይ ኖሯል!

ያም ሆኖ ካሴት ይመለሳል፣ ይቆማል፣ ይደገማል። በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የገባው ፕላዝማ ግን ይህን እንኳ አያውቅም ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ፣ በሳተላይት ለመላው አገር በአንድ ሰዓት ይተላለፍ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የአጋሮ ልጅ የአዲስ አበባ ልጅ የሚያገኘውን ያህል እንዲያገኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ለቂርአት የሚመጡ ልጆች ሲያወሩት እሰማ ነበር፤ ጥያቄው ይመጣል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ ልጁ እርሳሱን ሳያነሳ መልሱ ይመጣል። መምህሩ «አልገባቸውም» ብሎ ሊያስቆመው አይችልም። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት በዚያው ቀረ። ለቀማ ላይ የሰነበተውን ልጅም አይጠብቅም። ክፍለ ጊዜው አብዛኛው የማያው ስለነበር፣ ብዙ መምህራን ማብሪያና ማጥፊያ ሆነን ቀረን ብለው ያማርሩ ነበር። ሙስሐፉ ከሚያቀራው ሰው ጋር ተላከ፤ እዚህ ግን የሚያስተምረው ሰው ክፍሉ ውስጥ እያለ ዝም እንዲል ሆነ።

ስልክ እጠላለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደረሳዎቼ የሐፈዙትን ቀርጸው በቴሌግራም ይልኩልኝ ነበር። ማታ ማታ በዶሮ ጩኸትና በሕፃን ልቅሶ መሐል እያዳመጥኩ፣ የሳቱትን በድምፄ እያረምኩ እመልስላቸው ነበር። ኔትወርኩ ሲጠፋ መልሴ ለነገ ያድራል፤ እንደ ሉሑ መሆኑ ነው።

ባለፈው ለቀማ ያንኑ ጥያቄ ይዘው የመጡ አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው ነበር። ልጁን «ከስልክህ የያዝከውን አሰማኝ» አልኩት። ከፋቲሓ ጀመረ። ድምፁ ያማረ ነው፤ ነገር ግን «አልሐምዱ» ላይ ያለውን ከጉሮሮ የሚወጣ ሐእ ልክ እንደ ሀእ አቅልሎ ይለዋል። ስልኩን ከፍተን ሰማን፤ ስልኩ በትክክል ይላል። ልጁ ተከትሎ ሲል ያው ስሕተቱ ተደገመ፤ ስልኩም ምንም ሳይለው ቀጠለ። አባትየው «እንዲህ በል እንጂ!» ብለው ሊያሳዩት ቢሞክሩ እርሳቸውም እንደ ልጃቸው ሆኑ። ሦስታችንም ሳቅን። አሁን ልጁ ከለቀማ መልስ ከመግሪብ በኋላ ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን አባትየውም አብረውት ይቀመጣሉ።