ከስትሮክ በኋላ ቃል ሲጠፋ፤ የንግግር ቴራፒስት ሥራ ምንድን ነው?

እኔ በሙያዬ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ፤ ትምህርቴንም የጨረስኩት እዚሁ በውጭ አገር ነው። ሐኪም አይደለሁም። ይሁን እንጂ በ2023 እ.ኤ.አ. አጎቴን ስትሮክ መታቸውና በሜሪላንድ ወደሚገኝ አንድ የተመላላሽ ታካሚዎች ማገገሚያ ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን ለወራት አመላለስኳቸው። በዚያ ጊዜ ቀድሞ ስሙን እንኳን የማላውቀውን ሙያ በቅርብ አየሁ። ያየሁትን፣ ማታ ማታ ያነበብኩትንና እኔው ራሴ ያጠፋሁትን ጨምሬ በዚህች አጭር ጽሑፍ አቀርባለሁ።

የሙያው ምንነት

በአሜሪካ «ስፒች ላንጉጅ ፓቶሎጂስት»፣ በእንግሊዝ «ስፒች ኤንድ ላንጉጅ ቴራፒስት»፣ በስዊድን «ሎጎፔድ»፣ በፈረንሳይ «ኦርቶፎኒስት»፣ በጣልያን «ሎጎፔዲስታ» ይባላሉ። ብዙዎቻችን የሚንተባተቡ ሕፃናትን ብቻ የሚረዱ ይመስለናል። በተመላላሽ ማገገሚያ ክፍል ግን አብዛኞቹ ታካሚዎች አዋቂዎች ናቸው፤ ስትሮክ የመታቸው፣ በመኪና አደጋ ጭንቅላታቸው የተጎዳ፣ ፓርኪንሰን የያዛቸው፣ በጉሮሮ ካንሰር የታከሙ። ከንግግር ሌላ የማስታወስና የትኩረት ችግርን፣ እንዲሁም ምግብ የመዋጥ ችግርን ያክማሉ።

ቃል የሚጠፋው ለምንድን ነው?

በ1861 እ.ኤ.አ. ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የሚባለውን የሚረዳ፣ ነገር ግን «ታን» ከማለት በቀር መናገር የማይችል በሽተኛ አጋጠመው። ሰውየው ሲሞት አንጎሉን ቢመረምር በግራ በኩል ከፊት ጉዳት አገኘ። በ1874 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ቨርኒከ ሌላ ዓይነት ችግር ገለጸ፤ እነዚህኞቹ በሽተኞች ያለችግር ይናገራሉ፣ ንግግራቸው ግን ትርጉም ያጣል፣ የሰው ንግግር መረዳትም ይቸግራቸዋል። ሁለቱም አፋሲያ ይባላሉ።

አፋሲያ የቋንቋ ጉዳት እንጂ የአእምሮ መሳት አይደለም። አጎቴ የልጃቸውን ስም መጥራት ሲያቅታቸው አንዳንድ ጠያቂዎች «ጋሼ ነፍሳቸውን አያውቁም» እያሉ ፊታቸው ሲያወሩ እሳቸው ይሰሙ ነበር፤ እንባቸውም ይወርድ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን «አቡነ ዘበሰማያት» ሲጀመርላቸው ሳያቋርጡ ይጨርሱት ነበር። በልጅነት በቃል የተያዘ ጸሎት፣ ዘፈንና ቁጥር አዲስ ዓረፍተ ነገር ከመፍጠር በተለየ መንገድ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ከአፋሲያ የሚለይ ሌላም ችግር አለ። ቃሉ ትክክል ሆኖ ምላስና ከንፈር ሲደክሙ ንግግር ይኮላተፋል። ልምምዱም የተለየ ነው፤ የባለሙያዋ የመጀመሪያ ሥራ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

በሕክምናው ክፍል

በመጀመሪያው ቀን ፈተና አለ። ሥዕል አይተህ ስሙን ተናገር፣ የምልህን ድገም፣ በሩን አመልክት፣ አንብብ፣ ጻፍ። ከዚያ በቁጥር የሚለካ ግብ ይወጣል፤ ለምሳሌ ከ10 ዕቃዎች የ8ቱን ስም ያለ እርዳታ መጥራት። ቃሉ እምቢ ሲል ባለሙያዋ አትነግራቸውም። ምን ይሠራል? የት ይቀመጣል? ከምን ጋር ይሄዳል? እያለች ዙሪያውን ታስሳቸዋለች። ካልሆነ የመጀመሪያውን ድምፅ ትሰጣቸዋለች።

ከካርዶቿ አንዱ ላይ የበረዶ ቤት ነበር፤ አጎቴ ጤነኛ ሳሉም ስሙን አያውቁትም። ይህን ስነግራት የቤታችንን ዕቃ ፎቶ አንስቼ እንዳመጣ ጠየቀችኝ። ጀበና፣ መሶብ፣ ምጣድ፣ የባለቤታቸው ነጠላ። ሥራው ከዚያ በኋላ ነው የተቃናው።

የእኔ ጥፋት

አስተርጓሚ ላምጣ ስትለኝ «እኔ እያለሁ ለምን?» ብዬ እምቢ ብዬ ነበር። እንደሚታወቀው በአማርኛ ማን፣ ለማንና መቼ የሚለው ሁሉ ግሱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። አጎቴ «ለሚስቴ ነገርኳት» ለማለት ፈልገው «ለሚስቴ ነገረችኝ» ይላሉ። እኔ ሐሳባቸው ስለገባኝ አስተካክዬ እተረጉማለሁ። እሷም «ዓረፍተ ነገራቸው ጥሩ ነው» ብላ ትጽፋለች።

አንድ ቀን ሥራ ይዞኝ ስቀር አስተርጓሚ በስልክ ገባና የተባለውን ሁሉ ከነስሕተቱ ነገራት። በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ በትሕትና «እርስዎ ያስተካክሉ ነበር?» አለችኝ። አፈርኩ። እኛ መሐንዲሶች ከመለኪያው በፊት ማጣሪያ ከገጠምን ንባቡ ያምራል፤ ብልሽቱ ግን አይገኝም። እኔ ለክብራቸው ብዬ ያደረግኩት ወራት አስከፍሏቸዋል። ከዚያ በኋላ ግቡ ተቀይሮ በግስ ላይ መሥራት ተጀመረ።

ስለ ጉርሻ

ከስትሮክ በኋላ ምግብ ወይም ውኃ በሳንባ ቱቦ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ሲጠጡ ማሳል፣ ከጠጡ በኋላ ድምፅ መርጠብ ምልክቶች ናቸው። አንዳንዱ ሰው ግን ምንም ሳያስል ይገባበታል፤ ስለዚህ ባሪየም የተቀላቀለበት ምግብ እያስዋጡ በኤክስሬይ ይመለከታሉ። እንጀራ በቀጭን ወጥ ደረቅና ፈሳሽ የተቀላቀለበት ስለሆነ ይከብዳል። ጉርሻ ደግሞ መጠኑንም ጊዜውንም የሚወስነው አጉራሹ ነው። ፍቅር ቢሆንም ባለሙያዋ እስክትፈቅድ ይቅር። እኛ እንጀራውን በምሳ ዕቃ ይዘን ሄደን እሷው ፊት ተሞከረ።

ሙያውን ለሚያስቡ ወጣቶች

በአሜሪካ የማስተርስ ዲግሪ፣ በትምህርት ላይ 400 ሰዓት የተግባር ልምምድ፣ ከዚያም ቢያንስ 36 ሳምንት በክትትል ሥር መሥራት፣ ብሔራዊ ፈተናና የስቴት ፈቃድ ያስፈልጋል። አማርኛ አጥርቶ የሚሰማ ባለሙያ ብናገኝ የአጎቴን ግስ በመጀመሪያው ቀን ይሰማው ነበር።

ለቤተሰብ

1. አስተርጓሚ ጠይቁ። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010ሩ የጤና ሕግ መሠረት በነጻ ማቅረብ አለባቸው። አስተርጓሚውንም ስሕተቱን ሳያርም እንዲናገር አስቀድማችሁ ንገሩት።
2. ሜዲኬር የተመላላሽ የንግግር ሕክምናን ይሸፍናል፤ ከዓመታዊው መነሻ ክፍያ በኋላ በሽተኛው 20 በመቶ ይከፍላል። የቀድሞው ዓመታዊ ጣሪያ በ2018 እ.ኤ.አ. ተነሥቷል፤ ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑን ግን ባለሙያው ማስረዳት አለበት።
3. ቃል ሲፈልጉ አትንጠቋቸው። ጠብቁ፤ ቴሌቪዥኑን ዝጉ፤ አዎ ወይም አይደለም የሚባል ጥያቄ ጠይቁ።
4. ፊታቸው ስለ እነሱ አታውሩ።

አጎቴ ዛሬም ቃል ይጠፋባቸዋል። ባለፈው እሑድ «ለእናትህ ነገርኳት» አሉኝ። ምን እንደነገሯት ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባቸው፤ እኔም ዝም ብዬ ጠበቅኩ።